አዲስ የተመረቀ ሐኪም ከወረዳ ሆስፒታል እንዳይለቅ፦ ከበጀት ጥያቄ እስከ ሁለተኛው ዓመት

ይህ መመሪያ ለመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች፣ ለሜዲካል ዳይሬክተሮች፣ ለቦርድ አባላትና ለዞን ጤና መምሪያ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ተቋም ነው። ከከተማ ራቅ ባለ ቦታ ግን በሁለትና በሦስት ጠቅላላ ሐኪም የሚንቀሳቀስ፣ እነሱም ሥራውን ሳይለምዱት የሚቀያየሩበት ሆስፒታል ብዙ ነው።

ዛሬ ችግሩ ሐኪም ባለመመረቁ አይደለም የተፈጠረው። በ2004 ዓ.ም. 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ከተከፈቱ ወዲህ የተመራቂው ቁጥር በጣም አድጓል። የብቃት ምዘናውን አልፎ ቅጥር እየጠበቀ ቤቱ የተቀመጠ ሐኪም አለ። በሌላ በኩል ምጥ የጠናባት እናት ሌሊት መጥታ ሐኪም የማታገኝበት ሆስፒታል አለ። እነዚህ ሁለቱ እንዳይገናኙ በመጀመሪያ የሚያግደው በጀት የተያዘለት መደብ አለመኖሩ ነው። ከተገናኙም በኋላ የሚያለያያቸው፣ በእኛ ግምት ከደመወዙ ባልተናነሰ፣ የዱቲው (ከመደበኛው ሰዓት ውጭ የሚሠራው ተረኛነት) ሌሊት ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ እንጀምር።

1. ከሐኪሙ በፊት ሌሊቱን ቁጠሩ

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። መደበኛው የመንግሥት የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ነው። ቀሪው 129 ሰዓት፣ ማለትም ሌሊቱ፣ ቅዳሜና እሑዱ፣ የምሳ ሰዓቱም ሳይቀር፣ በዱቲ የሚሸፈን ነው። አንድ ሐኪም ሁልጊዜ ግቢ ውስጥ መኖር አለበት ካላችሁ ይህን 129 ሰዓት ላሏችሁ ሐኪሞች አካፍሉት።

2 ሐኪም ብቻ ካላችሁ እያንዳንዱ 64 ሰዓት ተኩል ዱቲ ይደርሰዋል፤ ከመደበኛው ጋር በሳምንት 103 ሰዓት ተኩል ይሠራል ማለት ነው። 3 ሲሆኑ 82 ሰዓት ይሆናል። 4 ሲሆኑ 71 ገደማ፣ 5 ሲሆኑ 65 ገደማ፣ 6 ሲሆኑ 60 ሰዓት ተኩል።

አሁን የዓመት ፈቃዱን አስገቡበት። አዲስ ሠራተኛ በዓመት 20 የሥራ ቀን፣ ማለትም አራት ሳምንት ይወጣል። ሦስት ሐኪም ያለው ሆስፒታል እንግዲህ በዓመት 12 ሳምንት ባለ ሁለት ሐኪም ሆስፒታል ነው። ሥልጠና፣ ሕመም፣ ለቅሶና ሠርግ ሲጨመርበት ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል። በሦስት ሐኪም ተረጋግቶ የሚቆይ ሆስፒታል የማይገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲለቅ በወር 10 ሌሊት ያድሩ የነበሩት ሁለቱ 15 ሌሊት ማደር ይጀምራሉ፤ ከዚያ ሁለተኛው መልቀቂያውን ለማስገባት ጊዜ አይወስድበትም። ሦስተኛው ብቻውን ይቀርና እሱም ይሄዳል። ከውጭ ሲታይ ሦስት ሰዎች በየግል ምክንያታቸው የለቀቁ ይመስላል፤ የዱቲ ሰሌዳውን የያዘ ሰው ግን ሰንሰለቱን ያየዋል።

ስለዚህ ዝቅተኛውን ቁጥር 5 አድርጉት። ከ5 ወደ 4 የወረዳችሁ ዕለት ቅጥሩን ጀምሩ፤ የለቀቀው ሰው ክሊራንሱን እስኪጨርስ አትጠብቁ። 5 እስክትደርሱ ድረስ ደግሞ የድንገተኛ ክፍሉን የመጀመሪያ ጥሪ ጤና መኮንኖች እንዲይዙት፣ ሐኪሙ ሁለተኛ ጥሪ ሆኖ ሲያስፈልግ ከቤቱ እንዲመጣ አድርጉ። ዱቲ ያደረ ሐኪም በማግስቱ እንደሚያርፍ በጽሑፍ አስፍሩት። በቃል ብቻ የሚፈቀድ እረፍት ተመላላሽ በበዛበት ቀን ይረሳል፤ ለወጣቱ ሐኪም «ዛሬ ብቻ ቻለው» የሚባለው ቀንም ማለቂያ የለውም።

2. መደቡንና የዱቲውን ገንዘብ በጀት ውስጥ አስገቡ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የሐኪም መደብ ጥያቄ ግንቦት ላይ ከቀረበ ብዙ ጊዜ «ለሚቀጥለው ዓመት» ተብሎ ይመለሳል። ከጥር ጀምሮ ከፋይናንስና ከፐብሊክ ሰርቪስ ጽሕፈት ቤት ጋር ተቀመጡ። ደብዳቤያችሁ «የሐኪም እጥረት አለብን» ብቻ የሚል ከሆነ ከሌሎች መቶ ደብዳቤዎች የሚለይበት ነገር የለም። ከላይ ያለውን የሰዓት ስሌት፣ በስድስት ወር ውስጥ ሐኪም ባለመኖሩ ሪፈር የተጻፈላቸውን (ወደ ሌላ ሆስፒታል የተላኩትን) እናቶች ቁጥርና የአምቡላንሱን የነዳጅ ወጪ አያይዙበት። የፋይናንስ ሰው የነዳጁን ወጪ ሲያይ ጉዳዩ ወዲያው ይገባዋል።

የመደቡን ደመወዝ አስጸድቆ የዱቲውን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 129 ሰዓት በ52 ሳምንት ሲባዛ 6,708 ሰዓት ይመጣል። ለምሳሌ ያህል የሰዓቱን ተመን 50 ብር ብንለው ለአንድ የዱቲ መስመር (ሁልጊዜ አንድ ተረኛ ሐኪም እንዲኖር) በዓመት 335,400 ብር ያስፈልጋል። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ የራሱ የዱቲ መስመር ካለው 670,800 ብር ይሆናል። የክልላችሁን ትክክለኛ ተመን አስገቡበት፤ ተመናቸው ከፍ የሚሉትን የበዓል ቀናት ለብቻ ቆጥራችሁ ጨምሩ።

ይህ ገንዘብ ከመንግሥት በጀት ካልተሟላ የሚመጣው ከውስጥ ገቢ ነው። የውስጥ ገቢው አንድ ትልቅ ክፍል ደግሞ ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚጠየቀው ክፍያ ነው። ስለዚህ የሐኪሙ የዱቲ ገንዘብ መዘግየት የሚጀምረው ካርድ ክፍል ነው ብትባሉ አትገረሙ፦ የአባልነት ቁጥሩ ያልተጻፈ፣ የሪፈር ወረቀት ያልተያያዘበት፣ ፊርማ የጎደለው ካርድ ሲመረመር ይጣላል፣ ገንዘቡም ይቀራል። የመድን ጥያቄውን የሚከታተል አንድ ሰው በቋሚነት መድቡ፤ ካርዶቹን ሩብ ዓመቱ እስኪያልቅ ሳያከማች በየሳምንቱ አርብ ይመርምራቸው። በሦስት ወር አንዴ ሲታይ የጎደለውን ማን እንዳጎደለው የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

3. ማንን፣ መቼ ትፈልጋላችሁ?

የዓለም ጤና ድርጅት የገጠር የጤና ባለሙያዎችን ስለማቆየት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውና በ2021 ያደሰው መመሪያ በመጀመሪያ ካነሳቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው፦ ገጠር ተወልዶ ያደገ ተማሪ ሐኪም ሲሆን ገጠር የመሥራት ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። ይህን ለመጠቀም የዞኑ መምሪያ አንድ መዝገብ ይክፈት፦ ከዞኑ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወጥተው ሕክምና የሚማሩት እነማን ናቸው? የት? ስንተኛ ዓመት? ርዕሳነ መምህራን ሁሉንም በስም ያውቋቸዋል። ተማሪዎቹ ኢንተርን ከመሆናቸው፣ ማለትም የመጨረሻውን የሆስፒታል ልምምድ ከመጀመራቸው በፊት ደውሉላቸው። ከተመረቁ በኋላ የሚደወል ስልክ ዘግይቷል፤ ያን ጊዜ ልባቸው ወይ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ላይ ወይ ውጭ አገር ላይ ነው።

ክረምት ላይ ለሁለት ሳምንት ጋብዟቸው፤ ማደሪያና ምግብ ስጧቸው፣ ከሐኪሞቹ ጋር ዙር ይውጡ። በአገራችን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ገጠር ጤና ጣቢያ እያኖረ ነበር የሚያሠለጥነው፤ ጅማም በ1970ዎቹ ሲመሠረት ማኅበረሰብ ውስጥ መማርን መነሻው አድርጎ ነው። ሰው አይቶ የማያውቀውን ቦታ ይፈራል፤ አንድ ክረምት ያደረበትን ቦታ ግን በስም ይጠራዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ እንላለን። «የአካባቢ ልጅ» የሚለው መስፈርት ሌላውን መከልከያ መሆን የለበትም። ቋንቋውን የሚችል ወይም ለመማር ፈቃደኛ የሆነ ሐኪም ከየትም ቢመጣ ተቀበሉት። እንግዳ ሆኖ መጥቶ፣ ማኅበሩም ዕድሩም አቅፎት፣ ዓመታት ያገለገለ ሐኪም በየዞኑ አለ። እንግድነቱ በየስብሰባው የሚነገረው ሐኪም ግን በሦስተኛው ወር ይሄዳል።

ባል ወይም ሚስት ያላቸውን ደግሞ ለሁለት ቅጠሩ። የትዳር ጓደኛዋ ፋርማሲስት ወይም መምህር ከሆነ የእሱን ዝውውር ከእሷ ቅጥር ጋር አብራችሁ ጨርሱ።

ስልክ ስትደውሉ እውነቱን ንገሩ፦ ስንት ሐኪም አለ፣ በወር ስንት ሌሊት ዱቲ ይደርሳል፣ ዱቲ እስከ የትኛው ወር ተከፍሏል፣ ቤት አለ ወይስ ኪራይ ነው፣ አልትራሳውንዱ ይሠራል ወይ፣ መብራትና ኔትወርክ እንዴት ነው። ይህንኑ በጽሑፍ በቴሌግራም ላኩለት። ተታልሎ የመጣ ሐኪም ይሄዳል፤ ሲሄድም የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ይሰማሉ፣ የሚቀጥለው ዓመት ተመራቂም ስልካችሁን አያነሳም።

4. ቤቱና የመጀመሪያው ደመወዝ

ቤቱ ሐኪሙ ከመምጣቱ በፊት ይያዝ። በእግር ከ10 ደቂቃ የማይርቅ ይሁን፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተጠርታ የምትመጣ ሐኪም ጅብም ሰካራምም ሳያገኛት መድረስ አለባት። የኪራይ ውሉን ሆስፒታሉ በራሱ ስም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይዋዋል፤ ሐኪሟ ራሷ ከተከራየች «ዶክተር ናት» ተብሎ ዋጋው ይጨመርባታል። ክፍሉ ውስጥ አልጋና ፍራሽ፣ ጠረጴዛና ወንበር፣ ምድጃ፣ ባለ 200 ሊትር የውኃ በርሜልና ከውስጥ የሚቆለፍ በር ይኑር። ሽንት ቤቱን የሚያየው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ይሁን።

የመጀመሪያው ደመወዝ ብዙ ጊዜ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ምክንያቱ ይታወቃል፦ የደመወዝ ዝርዝር የሚዘጋው ወሩ ከማለቁ በፊት ነው። የቅጥር ደብዳቤ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የጡረታ ቅጽና የባንክ ሒሳብ ካልተሟላ ስሙ አይገባም። ወር በገባ በ20ኛው ቀን የጀመረ ሐኪም ዝርዝሩ ካመለጠው የመጀመሪያ ገንዘቡን የሚያየው ከ40 ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ የሚኖረው ከቤተሰቡ በሚበደረው ነው፤ ሰባት ዓመት ያስተማሩትን ወላጆቹን እንደገና ገንዘብ መጠየቅ ለወጣት ሐኪም ከባድ ኀፍረት ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ አራቱን ሰነዶች ሐኪሙ ገና ሳይነሳ በስልክ ይጠይቅ፤ የመጀመሪያውን ቀን ከሐኪሙ ጋር ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ሰው ይመደብ። ዝርዝሩ ካመለጠው ከሠራተኞች ብድርና ቁጠባ ማኅበር የሚያገኘውን ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የመጀመሪያዎቹን አራት ዱቲዎች ብቻውን አታስድሩት። ከነባር ሐኪም ጋር ይደር፣ ስሙ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፣ ክፍያም ይታሰብለት።

5. የዱቲ ክፍያ፦ ቀኑ ይታወቅ

በ2011 ዓ.ም.ም ሆነ በ2017 ዓ.ም. ሐኪሞች በአደባባይ ካነሷቸው ጥያቄዎች መካከል ደመወዝና የዱቲ ክፍያ ዋነኞቹ ነበሩ። ደመወዙን አንድ ሆስፒታል ሊለውጠው አይችልም። የዱቲው ቀን ግን በእጃችሁ ነው። የሚከተለው አሠራር በማንኛውም ሆስፒታል ይቻላል።

ሰሌዳው በየወሩ በ25 ይዘጋል። እስከ 27 ሜዲካል ዳይሬክተሩ የታደረውን ከተመደበው ጋር አመሳክሮ ይፈርማል። እስከ 30 ፋይናንስ ሒሳቡን ይሠራል። በሚቀጥለው ወር በ5 ገንዘቡ ባንክ ይገባል። በዚህ መንገድ ላይ የሚጎዳው ትንሽ ነገር ነው፦ ሁለት ሐኪሞች ዱቲ ይለዋወጡና ሳይመዘግቡ ይቀራሉ፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ስምና የበሽተኛው ካርድ ላይ ያለው ፊርማ አይገጥምም፤ ኦዲተር ይጥለዋል፤ የሁሉም ክፍያ አብሮ ይቆማል። ሁለቱም የሚፈርሙበት የግማሽ ገጽ የልውውጥ ቅጽ ድንገተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ አንጠልጥሉ። በቃ፣ ችግሩ በዚህ ይፈታል።

ገንዘብ ከሌለስ? ያለውን ለሁሉም በእኩል መቶኛ ክፈሉ፤ የቀረውን ዕዳ ለእያንዳንዱ በስሙ በደብዳቤ አሳውቁት። ዱቲ ሳይከፈል የአስተዳደር ሠራተኛ የውሎ አበል አይውጣ። ሐኪሙ የመኪናውን ጉዞ በመስኮት ያያል፤ ገንዘብ የለም ሲባል የማያምነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉ በሚፈቅደው መሠረት ቦርዱ ከመደበኛ ሰዓት ውጭ የግል ክፍያ አገልግሎት ሊከፍት ይችላል። ጥሩ ነገር ነው፤ ሆኖም የሐኪሙ ቁጥር ከ5 በታች በሆነበት ሆስፒታል አትጀምሩት፤ እንቅልፉን ነው የምትሸጡት።

6. ብቻውን አይሁን

አዲስ ሐኪም በጣም የሚፈራው አንድ ሌሊት አለ። የምትደማ እናት ፊቱ ተኝታለች፣ ደም የለም፣ አንስቴቲስቱ (ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ) ስልክ አያነሳም፣ ሪፈር የሚባለው ሆስፒታል ሦስት ሰዓት ይርቃል። ከዚያ ሌሊት በኋላ ማንም የማያናግረው ከሆነ ሻንጣው ያን ዕለት ተዘጋጅቷል።

ሥራ አስኪያጆቹ ከቅርቡ አጠቃላይ ሆስፒታል ጋር የጽሑፍ ስምምነት ያድርጉ፦ ለማህፀንና ጽንስ፣ ለቀዶ ሕክምና፣ ለውስጥ ደዌና ለሕፃናት አንድ አንድ የስልክ ቁጥር፣ ተረኛው በ15 ደቂቃ ውስጥ መልሶ የሚደውልበት። ቁጥሮቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። በወር አንድ ጊዜ የተላኩ በሽተኞች ምን ላይ እንደደረሱ በስልክም ቢሆን ተነጋገሩ። ሐኪሙ የላከው ሰው መዳኑን ካልሰማ ሥራው ባዶ ይሆንበታል።

በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ደግሞ አንድ ነርስ የሚከተሉትን አይታ ትፈርም፦ ኦክስጅን ስንት ሲሊንደር፣ የጀነሬተሩ ነዳጅ፣ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ኦክሲቶሲን፣ አድሬናሊን፣ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ፣ የቀዶ ሕክምና ክር፣ የደም መሰብሰቢያ ከረጢት፣ የላቦራቶሪው የሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ሪኤጀንት፣ ማለትም መመርመሪያ ኬሚካል። ሪኤጀንት የሚታዘዘው ሲያልቅ ሳይሆን የሁለት ወር ፍጆታ ሲቀር ነው፤ አቅርቦቱ መቼ እንደሚደርስ በእናንተ እጅ አይደለምና።

ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያው (ሐኪም ሳይሆን ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ) ለዓመታት የሠራ፣ ሐኪሙ ደግሞ አዲስ ነው። «ማነው የሚወስነው?» የሚለው ጥያቄ ካልተመለሰ ሁለቱም ይኮራረፋሉ፤ በሽተኛ ይጎዳል። ቀዶ ሕክምናን የሚወስነው ማን፣ አጠቃላይ የበሽተኛውን እንክብካቤ የሚመራው ማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በሁለቱም ፊት አንብቡት።

በሽተኛ ሲሞት ቤተሰብ ያዝናል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ይህ ከመምጣቱ በፊት ከወረዳው ፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተቀመጡ፤ አቤቱታ ሲመጣ በመጀመሪያ ሙያዊ ምርመራው በጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲታይ ተግባቡ። ቅሬታ ያለው ቤተሰብ እውነቱን የማወቅ መብት አለው፤ የኮሚቴው መንገድ ይህንንም ያስጠብቃል። ሐኪሙ ከተጠራ ሥራ አስኪያጁ ራሱ አብሮት ይሂድ። በዚያች ቀን ብቻውን የሄደ ሐኪም ሲመለስ መልቀቂያ ነው የሚጽፈው፣ ልንወቅሰውም አንችልም።

7. የስፔሻሊቲውን መንገድ አትዝጉ

ማንም ወጣት ሐኪም ዕድሜ ልኩን ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ለመኖር አላሰበም። «እዚህ ከቀረሁ ሬዚደንሲ ያመልጠኛል» ብሎ ካሰበ የመጀመሪያውን ዕድል ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሲመጣ ተራውን ንገሩት፦ ስንት ዓመት ሲያገለግል ድጋፍ ደብዳቤ ያገኛል፣ በዓመት ስንት ሰው ይወጣል፣ ቅደም ተከተሉ በምን ይወሰናል። ተራው በአገልግሎት ወራት ይሁን፤ የዱቲ ሌሊቶች ቁጥርም ነጥብ ይኑረው። ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ተራው በሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ ካለ ወረፋውን የሚያምን ሰው አይኖርም።

ለፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው የዱቲ ቁጥሩን ቀንሱለት። በአንድ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ፣ መብራትና ኢንተርኔት አዘጋጁ። ወደ ስፔሻሊቲ የሚልከው ውል ደግሞ የመመለሻውን ዘመን ብቻ ሳይሆን ሆስፒታሉ በበኩሉ የሚያቀርበውን ይዘርዝር፤ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ሆኖ የሚመለስ ሰው የሚሠራበት ክፍልና ማደንዘዣ ከሌለ ውሉ ወረቀት ነው። ለመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በጣም የሚስማማው የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፤ ብዙ ተመራቂ ስለማያውቀው እናንተ ንገሩት።

8. ሳይጽፍ ጠይቁት፣ ሲጽፍ ልቀቁት

በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር ሜዲካል ዳይሬክተሩ ከሐኪሙ ጋር ለግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ጥያቄዎቹ አራት ናቸው፦ ባለፈው ወር ስንት ሌሊት አደርክ? ያልተከፈለህ አለ? ለመሥራት ፈልገህ ዕቃ ያጣህበት በሽተኛ ነበር? በሚቀጥለው ዓመት የት መሆን ትፈልጋለህ? መልሱ ይጻፍ፣ ከመካከሉ አንዱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈታ። ሁሉም አይፈታም፤ አንዱ መፈታቱ ግን ቀጣዩን ጥያቄ በእውነት እንዲመልስ ያደርገዋል። በእኛ ግምት ብዙዎቹ የሚወስኑት በ3ኛውና በ6ኛው ወር መካከል ነው፤ እነዚያን ሁለቱን ቀጠሮዎች አትዝለሉ።

መልቀቂያ ሲመጣ ክሊራንስ መከልከል፣ ማስረጃ መያዝ፣ ማመላለስ ከንቱ ነው። ውል ካለ በውሉ መሠረት ተነጋገሩ፤ ካልሆነ በአንድ ሳምንት ጨርሱለት። የተያዘ ሐኪም እጁ ይሠራል፣ ልቡ ግን የለም። የሚቀሩትም እያዩ ነው። ይልቅ ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት፦ የተኙ በሽተኞቹን ዝርዝር ከነዕቅዳቸው፣ እና ለሚተካው ሐኪም የሚጽፈውን አንድ ገጽ፦ አልትራሳውንዱ በየትኛው ሶኬት እንደሚሠራ፣ ሌሊት የሚነቃው የላብ ቴክኒሺያን ማን እንደሆነ፣ አንስቴቲስቱ ቤት የሚወስደው አጭሩ መንገድ የትኛው እንደሆነ። ያን ገጽ አዲሱ ሐኪም በመጣበት ዕለት፣ ከቤቱ ቁልፍ ጋር አብራችሁ ስጡት።